በቴዎድሮስ ላይ ጦር በላከው ካቢኔ ውስጥ የፋብሪካ ባለቤቶች የት ነበሩ?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «በትምህርት ቤት የተማርነው በ1832 የምርጫ ሕጉ ከተሻሻለ በኋላ እንግሊዝን መግዛት የጀመረው የፋብሪካው ከበርቴ ነው የሚል ነው። በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ጦር ሲላክ የሚነሡት ስሞች ግን ሎርድ፣ ኧርል፣ ዱክ፣ ሰር ናቸው። የኢንዱስትሪው ሰዎች የት ሄዱ? ሥልጣኑስ ከመኳንንቱ እጅ የወጣው መቼ ነው?»

ጥያቄው ትክክል ነው፤ የተሳሳተው መማሪያው ነው። ከበርቴው በ1832 ያገኘው የመምረጥ መብትና በምክር ቤት የመደመጥ ዕድል ነው፤ መንግሥቱን አላገኘም። መንግሥቱ እስከ 1880ዎቹ ድረስ በባለመሬቱ መኳንንት እጅ ነበረ። ከዚያም በኋላ ቢሆን የሳልስበሪው ማርኪስ ከጌቶች ምክር ቤት ወንበሩ ሳይነሣ እስከ 1902 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ቆይቷል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እንዴት እንዳቆዩት ለመረዳት ግን ከማዕረጎቹ መጀመር ያስፈልጋል፤ ብዙው ስሕተት የሚመጣው ከዚያ ነው።

የእኛ ራስና ደጃዝማች ሹመት ነበር፤ ንጉሥ ይሰጥ ነበር፣ ልጅ በራሱ መብት አይወርሰውም ነበር። የእንግሊዝ ዱክ፣ ማርኪስ፣ ኧርል፣ ቫይካውንትና ባሮን ግን ለበኩር ልጅ ይወረሳል፤ ከማዕረጉ ጋርም እስከ 1999 ድረስ በጌቶች ምክር ቤት የመቀመጥ መብት ይወረስ ነበር። «ሰር» ሁለት ዓይነት ነው። ባሮኔት ከሆነ ይወረሳል፣ ናይት ከሆነ ከሰውየው ጋር ያልፋል፤ ሁለቱም የጌቶች ምክር ቤት ወንበር አያሰጡም። በጣም የሚያሳስተው «ሎርድ» ነው። የኧርል በኩር ልጅ አባቱ በሕይወት ሳለ በአክብሮት ሎርድ ይባላል እንጂ በሕግ ፊት ተራ ሰው ነው። ስለዚህ ተወዳድሮ በኮመንስ፣ ማለትም በእንደራሴዎች ምክር ቤት፣ ይቀመጣል። ፓልመርስተንም ማዕረጉ የአየርላንድ ስለነበር በጌቶች ምክር ቤት ወንበር አልነበረውም፤ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነውም ከኮመንስ ነው። ኮመንስን የተራው ሕዝብ ቤት አድርጎ የሚያነብ ሰው የክፍለ ዘመኑን ፖለቲካ ገልብጦ ይረዳዋል፤ የመኳንንቱ ልጆች፣ ታናናሽ ወንድሞችና አማቾች የሞሉበት ቤት ነበር።

መሬቱ ደግሞ እንደ እኛ የቀድሞ ርስት ለልጆች ሁሉ አይከፋፈልም ነበር። ልጁ 21 ዓመት ሲሞላው ወይም ሲያገባ አባትና ልጅ ውል ይፈራረማሉ። በውሉ መሠረት የወቅቱ ባለመሬት በሕይወት ዘመኑ ገቢውን ይበላል እንጂ መሬቱን መሸጥ አይችልም፤ መሬቱ ሳይሸራረፍ ለበኩር ልጅ፣ ከዚያም ለእሱ በኩር ይተላለፋል። ለታናናሾቹና ለሴቶቹ ልጆች ከገቢው ድርጎ ይቆረጥላቸዋል። እያንዳንዱ ትውልድ ውሉን ስለሚያድሰው መሬቱ ለመቶ ዓመታት ሙሉውን ይቆያል፤ ታናናሾቹ ደግሞ ወደ ጦሩ፣ ወደ ቤተ ክህነቱ፣ ወደ ጥብቅናው፣ ወደ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱና ወደ ምክር ቤቱ ይበተናሉ። የመንግሥቱ ቢሮዎች ሁሉ በዘመድ የተያያዙት ከዚህ የተነሣ ነው። ይህ ውል በሕግ የላላው በ1882 ነው።

አሁን ወደ ካቢኔው። በኖቬምበር 1867 ጠቅላይ ሚኒስትሩ 14ኛው የዳርቢ ኧርል ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሎርድ ስታንሊ የገዛ በኩር ልጁ ነው። የማርልቦሮ ዱክ አለ፤ ቅኝ ግዛቶቹን የያዘው የበኪንግሃም ዱክ ነው፤ ባቡርና ንግድ የሚቆጣጠረውን የንግድ ቦርድ የሚመራው፣ ይህ ነው የሚያስገርመው፣ የሪችመንድ ዱክ ነው። ሎርድ ጆን ማነርስ የዱክ ልጅ ነው። ጦሩ የተነሣው ከቦምቤይ ስለሆነ ዘመቻው በአብዛኛው በሕንድ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ነው የሄደው፤ ሚኒስትሩ ሰር ስታፎርድ ኖርዝኮት ባሮኔት ነው።

ገንዘብ ሚኒስትሩ ቤንጃሚን ዲዝሬሊ የጸሐፊ ልጅ ነው፤ ከመኳንንቱ አይደለም። ግን መሬት የሌለው ሰው የባለመሬቶችን ፓርቲ ሊመራ አይችልምና በ1848 ሂዩንደን የሚባል ርስት ተገዛ፤ ከዋጋው 25,000 ፓውንዱን ያበደሩት የፖርትላንድ ዱክ ልጆች ናቸው። ከኢንዱስትሪ ገንዘብ የወጣው ደግሞ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጌቶርን ሃርዲ ነው። የቤተሰቡ ሀብት በብራድፎርድ አቅራቢያ ካለው የሎው ሙር ብረት ማቅለጫ የመጣ ነው። እሱ ራሱ ግን ኦክስፎርድ ተምሮ፣ ጠበቃ ሆኖ፣ ኬንት ውስጥ ሄምስቴድ የተባለ ርስት ገዝቶ ነው ካቢኔ የገባው። ለጠያቂው የመጀመሪያው ምላሽ ይኸው ነው፦ የፋብሪካው ገንዘብ ካቢኔ ውስጥ ነበረ፣ ጥላሸቱን አጥቦ።

ይህ ካቢኔ ምክር ቤቱን ኖቬምበር 19 ቀን 1867 ጠርቶ ለዘመቻው 2 ሚሊዮን ፓውንድ አስፈቀደ፤ በገቢ ግብር ላይም በፓውንድ 1 ፔኒ ጨመረ። ሒሳቡ ሲዘጋ ወጪው ወደ 9 ሚሊዮን ተጠግቶ ነበር። መቅደላ በኤፕሪል 1868 ስትያዝ ዳርቢ በሕመም ምክንያት ለቆ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዲዝሬሊ ሆኗል።

የስታንሊዎችን ቤት ጠጋ ብሎ ማየት ከአጠቃላይ ማብራሪያ የበለጠ ያስተምራል። መቀመጫቸው ከሊቨርፑል ወጣ ብሎ ኖውስሊ ነው። በ1870ዎቹ ሲቆጠር መሬታቸው ወደ 69,000 ኤከር፣ የዓመት ገቢው ከ160,000 ፓውንድ በላይ ነበር። 69,000 ኤከር በእኛ ልክ ወደ 700 ጋሻ ነው፤ በስፋት ብቻ ከሄድን ስኮትላንድ ውስጥ የሚበልጧቸው ብዙ ነበሩ። ገቢውን ያናረው መሬቱ ያለበት ቦታ ነው። ላንክሻየር የጥጡ አገር ነው። ቡትል ላይ የሊቨርፑል ወደብ ሲሰፋ፣ ቤሪ ላይ ፋብሪካና የሠራተኛ ቤት ሲሠራ፣ ሕንፃው የሚቆመው በኧርሉ መሬት ላይ፣ በሊዝ ነው። ባለፋብሪካው ሲከብር ኧርሉም ይከብራል፤ አንድ ክር ሳይፈትል።

በማዕድኑም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝ ሕግ ከወርቅና ከብር በስተቀር ከመሬት በታች ያለው ማዕድን የባለመሬቱ ነበር። ከሰል የሚያወጣው ኩባንያ በየቶኑ ለባለመሬቱ ሮያሊቲ የሚባል ድርሻ ይከፍል ነበር። መንግሥት የከሰሉን መብት በካሳ ለመውሰድ ሕግ ያወጣው በ1938 ነው። የቢዩት ማርኪስ በራሱ ገንዘብ በ1839 የካርዲፍን ዶክ ከፈተ፤ የለንደንደሪ ማርኪስ ለከሰሉ መውጫ ሲየም ላይ ወደብ ሠራ። የብሪጅዎተር ዱክ በ1761 ከዎርስሊ ወደ ማንችስተር የሚወስደውን ቦይ የከፈተው ለራሱ ከሰል ነው። ስለዚህ «ኋላ ቀር ባላባት ከዘመናዊ ከበርቴ ጋር ተፋለመ» የሚለው ሥዕል ለእንግሊዝ አይሠራም። ፍልሚያ ነበረ፤ ግን ብዙውን ጊዜ በዋጋ ላይ የሚደረግ ድርድር ነበር።

ድርድሩ እንዴት እንደሚካሄድ የሊቨርፑል–ማንችስተር ባቡር ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ባቡር ወይም ቦይ ለመሥራት የሰውን መሬት ያለፈቃዱ መውሰድ ያስፈልጋል፤ ይህን የሚፈቅደው ለዚያው ሥራ በስም የወጣ የፓርላማ ሕግ ብቻ ነበር። አካሄዱ እንዲህ ነበር፦ መጀመሪያ መስመሩ ይቀየሳል፤ ፕላኑና የሚነካቸው ባለመሬቶች ዝርዝር በተወሰነለት ቀን ገቢ ይሆናል፣ በኋላ ዘመን ቀኑ ኖቬምበር 30 ነበር። ከዚያ ረቂቁ በኮመንስ ሁለት ጊዜ ተነብቦ ወደ ኮሚቴ ይመራል። እዚያ ደጋፊውም ተቃዋሚውም ጠበቃ ቀጥሮ፣ ምስክር አቁሞ ይከራከራል። ካለፈ የጌቶች ምክር ቤት ሁሉንም እንደገና ያየዋል። በየደረጃው ክፍያ አለ፤ በየደረጃው የሚቀመጠው ዳኛ ደግሞ ባለመሬት ነው።

በ1825 የመጀመሪያው ረቂቅ ወደቀ። ዋነኞቹ ተቃዋሚዎች የዳርቢ ኧርል፣ ይኸውም የ1867ቱ ጠቅላይ ሚኒስትር አያት፣ የሴፍተን ኧርልና የብሪጅዎተር ቦይ ባለአደራዎች ነበሩ። የኧርሎቹ ዘበኞች ቀያሾቹን ስለሚያባርሩ ጆርጅ ስቲቨንሰን ከፍታውን አስተካክሎ ማስለካት አልቻለም፤ በኮሚቴው ፊት ጠበቃው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እያነሣ አዋረደው። ባለሀብቶቹ ምን አደረጉ? አዲስ መሐንዲስ ቀጠሩ፤ መስመሩን ከኧርሎቹ የአደን ቦታ አሽሽተው አዞሩት፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከቦይው ትርፉን ለሚበላው ለስታፎርድ ማርኪስ 1,000 አክሲዮን፣ እያንዳንዱ 100 ፓውንድ፣ ሸጡለት። በ1826 ረቂቁ አለፈ። ጉቦ ልበለው? በሕግ ጉቦ አይደለም። ይህ ዘዴ በኋላ ለመቶዎች ባቡሮች መደበኛ አሠራር ሆነ፤ ካሳው ከመሬቱ የገበያ ዋጋ በጣም ይበልጥ ነበር።

ወደ ምክር ቤቱ መግቢያ እንመለስ። ባለፋብሪካው ራሱ እንደራሴ ለመሆን ከፈለገ የሚያልፍባቸው ወንፊቶች ነበሩ።

አንደኛው ሕጋዊ ነው። ከ1711 ጀምሮ ለካውንቲ፣ ማለትም ለክፍለ ሀገር፣ የሚወዳደር በዓመት 600፣ ለከተማ የሚወዳደር 300 ፓውንድ የመሬት ገቢ ሊኖረው ይገባ ነበር። የመሬት ነው የሚለው፤ የፋብሪካ ትርፍ አይቆጠርም። በ1838 ሌላ ንብረትም እንዲቆጠር ተፈቀደ፤ ግዴታው ጨርሶ የቀረው በ1858 ነው። ብዙዎች ያልፉት የነበረው ወዳጅ በወረቀት መሬት እያስተላለፈላቸው ስለሆነ ይህን ወንፊት ከሚገባው በላይ ማጋነን አይገባም።

ወጪው ግን እውነተኛ ነበር። በ1807 በዮርክሻየር ለ15 ቀን በቆየ ምርጫ ሁለቱ የመኳንንት ልጆች፣ ሚልተንና ላሰልስ፣ እያንዳንዳቸው ወደ 100,000 ፓውንድ አፍስሰዋል ይባላል። መራጭ በሠረገላ ይመጣል፣ በሆቴል ይቀለባል፣ ይጠጣል፤ ሁሉም በዕጩው ሒሳብ። ከ1832 በኋላ ምርጫው ወደ ሁለት ቀን፣ በከተሞች ከ1835 ወዲህ ወደ አንድ ቀን ሲያጥር ወጪው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ጣሪያ የተበጀለት በ1883 ነው።

ሦስተኛው ድምፅ የሚሰጥበት መንገድ ነው። እስከ 1872 ድረስ ምስጢራዊ ድምፅ አልነበረም። መራጩ በአደባባይ ወደ ተሠራው የእንጨት መድረክ ይወጣል፤ ስሙን፣ መኖሪያውንና የሚመርጠውን ሰው ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ጸሐፊው በመዝገብ ያሰፍራል። ከምርጫው በኋላ መዝገቡ ታትሞ ይሸጣል። የባለመሬቱ ወኪል መዝገቡን ገዝቶ የተከራዮቹን ስም አንድ በአንድ ሊመለከት ይችላል። የእንግሊዝ ተከራይ ገበሬ የእኛ ዓይነት ጭሰኛ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሠራተኛ ቀጥሮ የሚያርስ ባለገንዘብ ነው። ነገር ግን ውሉ ከዓመት ዓመት የሚታደስ ስለሆነ ወኪሉን ማስቀየም አይፈልግም። የ1832ቱ ሕግ በዓመት 50 ፓውንድ ለሚከፍሉ ለእንደነዚህ ያሉ ተከራዮች ድምፅ ሲሰጥ በካውንቲዎች የባለመሬቱን እጅ አጠነከረ። ይህ አንቀጽ የገባው በባለመሬቶቹ ግፊት ነው።

አራተኛው ወንፊት ጊዜ ነው፤ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ይመስለኛል። እንደራሴ እስከ 1911 ደመወዝ አልነበረውም። ጉባኤው በተለመደው ዓመት ከፌብሩዋሪ አካባቢ እስከ ኦገስት ለንደን ያስቀምጥ ነበር። ፋብሪካ ደግሞ ባለቤቱን በየቀኑ ይፈልጋል። ስለዚህ ነጋዴው ወደ ኮመንስ የሚገባው ሥራውን ለልጁ ወይም ለሸሪኩ አስረክቦ፣ አርባና አምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። የኧርሉ ልጅ ከ21 እስከ 23 ዓመቱ ይገባል። ለካቢኔ የሚያበቃው የምክር ቤት ልምድ 15 ወይም 20 ዓመት ነው ብንል ስሌቱ ራሱ ይናገራል፦ ነጋዴው ሲደርስ ሸምግሏል፣ የኧርሉ ልጅ ገና ጎልማሳ ነው።

በስታንሊዎች ይህን እንየው። የኋላው 14ኛ ኧርል በ1822፣ በ23 ዓመቱ፣ ስቶክብሪጅ ከምትባል በባለሀብት ኪስ ካለች ትንሽ ከተማ ተመረጠ። በ1830 የአየርላንድ ጉዳይ ሚኒስትር ሲሆን፣ በሚኒስትርነት የተሾመ እንደራሴ ያኔ እንደገና መመረጥ ስለነበረበት፣ በቤተሰቡ ከተማ በፕሬስተን ቀረበ። ፕሬስተን ግን የዚያን ጊዜ ወንድ ነዋሪ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚመርጥባት ያልተለመደች ከተማ ነበረች፤ ሄንሪ ሃንት የተባለ ነውጠኛ ተናጋሪ አሸነፈው። ምን ሆነ? ዊንድዘር ላይ ወንበር ተለቀቀለትና ሚኒስትርነቱን ቀጠለ። ልጁ ሎርድ ስታንሊ ደግሞ በ1848 ለኪንግስ ሊን ሲመረጥ አገር ውስጥ አልነበረም፤ አሜሪካና ካሪቢያን እየተዘዋወረ ነበር። በ1852 አባቱ መንግሥት ሲመሠርት የውጭ ጉዳይ ምክትል አድርጎ የሾመውም ቤንጋል ሳለ ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር ለጥጥ ነጋዴ አይደረግም።

ታዲያ 1832 ምን ለወጠ? ብዙ ነው፤ አቅጣጫው ግን መማሪያው የሚለው አይደለም። ከዚያ በፊት ኦልድ ሳረም፣ ሰው የማይኖርበት ኮረብታ፣ ሁለት እንደራሴ ይልክ ነበር፤ ባሕር የበላት ዳንዊችም ሁለት፤ ማንችስተር፣ በርሚንግሃምና ሊድስ በስማቸው አንድም አልነበራቸውም። ሕጉ 56 ትናንሽ ከተሞችን ሙሉ በሙሉ ሰረዘ፣ ስቶክብሪጅም ከእነሱ ጋር ሄደች፤ ወንበሮቹ ለካውንቲዎችና ለአዳዲሶቹ ከተሞች ተከፋፈሉ። በከተሞች በዓመት 10 ፓውንድ የሚያወጣ ቤት ያለው ወንድ መረጠ። በእንግሊዝና ዌልስ ከአምስት አዋቂ ወንዶች ወደ አንዱ ነው ይህ።

ይህን ሕግ ያወጣው ማን እንደሆነ ግን አይረሳ። የኧርል ግሬይ ካቢኔ 13 ሰው ነበረ፤ ከነሱ በኮመንስ የነበሩት አራት ብቻ ናቸው፤ ከአራቱም አንዱ የኧርል ወራሽ፣ አንዱ የአየርላንድ ቫይካውንት፣ አንዱ ባሮኔት። እነዚህ ሰዎች ከበርቴውን አስገብተው ከሠራተኛው መነጠል ፈለጉ፤ ሐሳባቸውን አልደበቁትም። በማርች 1831 ረቂቁ በሁለተኛ ንባብ በ302 ለ301 አለፈ። በኦክቶበር የጌቶች ምክር ቤት ጣለው፤ ብሪስቶል ታመሰ፣ የኒውካስል ዱክ ንብረት የሆነው የኖቲንግሃም ቤተ መንግሥት ተቃጠለ። በሜይ 1832 ንጉሡ አዳዲስ ጌቶች ሾሞ አብላጫውን እንደሚገለብጥ ሲታወቅ ተቃዋሚዎቹ ድምፅ ሳይሰጡ ቀሩ። ይህ ማስፈራሪያ በ1911 እንደገና ይመጣል።

ሌላው የተለመደ ስሕተት ከዘመኑ ሁለት ፓርቲዎች ዊጎችን የፋብሪካ፣ ቶሪዎችን የመሬት ፓርቲ ማድረግ ነው። ትልልቆቹ ባለመሬቶች፣ ቤድፎርዶችና ዴቨንሽሮች፣ ዊጎች ነበሩ። የጥጥ ልጅ የሆነው የዘመኑ ታላቅ ሰው ሮበርት ፒል ደግሞ ቶሪ ነው። አባቱ በጥጥ ማተሚያ ከበረ፣ ታምዎርዝ አጠገብ ርስት ገዛ፣ በ1790 እንደራሴ፣ በ1800 ባሮኔት ሆነ። ልጁን ሃሮው፣ ቀጥሎ ኦክስፎርድ አስተማረው፤ በ1809 በ21 ዓመቱ ካሸል ከምትባል የአየርላንድ ከተማ ወንበር በገንዘብ አገኘለት፤ መራጮቿ 24 ነበሩ። ከማተሚያው እስከ ጠቅላይ ሚኒስትርነት አንድ ትውልድ ፈጀ፤ ግን መንገዱ በሙሉ በመኳንንቱ በር ነው ያለፈው። የኋላው ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተንም እንዲሁ። የሊቨርፑል ነጋዴ ልጅ ነው፤ የመጀመሪያ ወንበሩን ኒዋርክን በ1832 ያገኘው በኒውካስል ዱክ ድጋፍ ነው። አባቱ ባርነት ሲሻር ለ2,508 ሰዎች 106,769 ፓውንድ ካሳ ተቀብሏል። ካሳው የተከፈለው ፓርላማው ከፈቀደው 20 ሚሊዮን ነው፤ ሕጉን ለኮመንስ ያቀረበው ደግሞ ያው ስታንሊ፣ የኋላው 14ኛ ኧርል፣ ነው።

ከበርቴው ያሸነፈበት ጦርነት የእህሉ ነው። በ1815 የወጣው ሕግ የአገር ውስጥ ስንዴ በኳርተር፣ ከሁለት ኩንታል ትንሽ የሚበልጥ ነው፣ 80 ሽልንግ እስኪገባ ድረስ የውጭ ስንዴ እንዳይሸጥ ከለከለ። በ1828 ከዋጋው ጋር በሚወጣና በሚወርድ ቀረጥ ተተካ። የማንችስተር ባለፋብሪካዎች ክርክር ቀላል ነው፦ ዳቦ ከተወደደ ደሞዝ መጨመር አለብን፤ እህል የማይሸጥልን አገርም ጨርቃችንን አይገዛም። መሪዎቻቸው ኮብደንና ብራይት ለዓመታት ገንዘብ አሰባስበው፣ መራጭ አስመዝግበው፣ አገሩን በስብሰባ ናጡት። የአየርላንድ ድንች ሲበሰብስ ፒል በ1846 ሕጉን ሻረ። ከገዛ ወገኑ ሁለት ሦስተኛው ተቃወመው፤ ስታንሊ ከካቢኔው ወጣ፤ ፓርቲው ተሰነጠቀ። ሕጉ በጌቶች ምክር ቤት ባለፈበት ቀን ማታ ፒል በሌላ ጉዳይ ተሸንፎ ወደቀ።

ኮብደንና ብራይት ከዚህ በኋላ ሚኒስትር ሆኑ? ኮብደን ጨርሶ አልሆነም፤ ብራይት ካቢኔ የገባው ከ22 ዓመት በኋላ፣ በ1868 ነው። ቀጥሎ መንግሥት የመሠረተው የቤድፎርድ ዱክ ልጅ ጆን ራስል ነው። ባለመሬቶቹም ብድራቸውን መለሱ፦ በ1847 የፋብሪካ ሴቶችና ወጣቶች ሥራ በቀን 10 ሰዓት እንዲሆን ሲወሰን ከደጋፊዎቹ ብዙዎቹ በእህሉ የተናደዱ ቶሪዎች ነበሩ። በ1842 ሴቶችንና ከ10 ዓመት በታች ያሉ ወንዶች ልጆችን ከከሰል ጉድጓድ ያወጣውን ሕግ ግን የለንደንደሪው ማርኪስ፣ ጉድጓዱ የራሱ ስለሆነ፣ አጥብቆ ተዋግቶታል።

ከለንደን ውጭ ያለው መንግሥትስ? እስከ 1888 ድረስ ካውንቲውን የሚያስተዳድሩት ደመወዝ የማይከፈላቸው አጥቢያ ዳኞች ናቸው። በዓመት አራት ጊዜ ተሰብስበው ይፈርዳሉ፣ ግብር ይመድባሉ፣ ድልድይና እስር ቤት ይቆጣጠራሉ። የሚሾሙት በካውንቲው ባላባት አቅራቢነት ነው፤ መሬትም ሊኖራቸው ይገባል። ከበርቴው በእውነት የገዛው ከተሞቹን ነው። የ1835ቱ ሕግ የከተማ ምክር ቤቶችን ለግብር ከፋዩ ከፈተ። የብሎን ፋብሪካ ባለቤቱ ጆሴፍ ቻምበርሌን በ1873 የበርሚንግሃም ከንቲባ ሆኖ ጋዙንና ውኃውን ለከተማው የገዛው፣ በ1880 ካቢኔ የገባውም በዚህ መንገድ ነው።

በቢሮና በጦሩ ያለውን በአጭሩ ልለፈው፤ ለእኛ ግን የሚነካን ነው። የቴዎድሮስ የ1862 ደብዳቤ ያለመልስ የተቀመጠበት የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጸሐፊዎቹን የሚቀጥረው በሚኒስትሩ ጥቆማ ነበር፤ ያን ጊዜ ሚኒስትሩ ኧርል ራስል ነው። ደብዳቤው የተዘነጋው በዚህ ምክንያት ነው አልልም። የሚገርመው ግን በጥቆማ መቅጠር ቀርቶ በፈተና እንዲሆን በ1854 የታተመውን ሪፖርት ከቻርልስ ትሬቭልያን ጋር የጻፈው ያው ኖርዝኮት መሆኑ ነው። ክፍት ፈተና በ1870 ሲታወጅ የውጭ ጉዳይ ቀረ፤ ዲፕሎማት ለመሆን እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በዓመት 400 ፓውንድ የግል ገቢ ማሳየት ያስፈልግ ነበር። በጦሩም የመኮንንነት ማዕረግ ይሸጥ ነበር፤ በእግረኛ ጦር የሌተናል ኮሎኔል ይፋ ዋጋ 4,500 ፓውንድ ነው፤ በጓዳ ይጨመርበታል። የተሻረው በ1871 ነው። ሮበርት ኔፒየር ግን የቤንጋል መሐንዲስ ነበረ፤ በመሐንዲሱና በመድፈኛው ክፍል ማዕረግ አይሸጥም። መቅደላ የመራው በችሎታው ያደገ ሰው ነው፤ ሲመለስም የመቅደላ ባሮን ተብሎ ጌቶች ምክር ቤት ገባ።

ሥልጣኑ መቼ ወጣ ለሚለው፣ አንድ ቀን የለውም፤ ሁለት ነገሮች ገጠሙ። የመጀመሪያው ስንዴ ነው። በ1846 የተፈራው የዋጋ ውድቀት የመጣው በ1870ዎቹ መጨረሻ፣ የአሜሪካ ስንዴ በባቡርና በእንፋሎት መርከብ ሲገባ ነው። በ1894 ኳርተሩ ወደ 23 ሽልንግ ወረደ። ከተማና ከሰል ያላቸው እንደ ዳርቢ ያሉት ቆሙ፤ የእርሻ ኪራይ ብቻ የሚበሉት ተጎዱ። ሁለተኛው ምርጫው ነው፦ ምስጢራዊ ድምፅ በ1872፣ የወጪ ጣሪያ በ1883፣ የገጠር ሠራተኛ ድምፅ በ1884። ከ1885 ምርጫ በኋላ ባለመሬቶች በኮመንስ አብላጫ አልነበሩም።

በመካከሉ ባለመሬቶቹ ራሳቸውን ያጋለጡበት ጉዳይ አለ። በ1872 ያ ሎርድ ስታንሊ፣ አሁን 15ኛው ኧርል፣ «መሬቱ በጥቂቶች እጅ ነው» የሚለውን ወሬ ለማክሸፍ የባለመሬቶች ቆጠራ እንዲደረግ ጠየቀ። ቆጠራው ተደረገ፤ ቁጥሮቹ ሲተነተኑ ከአገሪቱ መሬት አምስት እጁ ውስጥ አራቱን የያዙት ከ7,000 ሰዎች ያነሱ ሆነው ተገኙ። ከዚያ ወዲያ ግብር ጣዩ ማን ጋ እንደሚሄድ ዝርዝር በእጁ ነበረ። በ1894 በውርስ ላይ እስከ 8 በመቶ ተጣለ። በ1909 ሎይድ ጆርጅ የመሬት ግብር የጨመረበትን በጀት የጌቶች ምክር ቤት ጣለው፤ በ1910 ሁለት ምርጫ ተደረገ፤ ንጉሡም እንደ 1832ቱ አዲስ ጌቶች ለመሾም ተስማማ። ኦገስት 10 ቀን 1911 የጌቶች ምክር ቤት የገዛ ሥልጣኑን የሚቀንሰውን ሕግ በ131 ለ114 አጸደቀ። በዚያው ወር ኮመንስ ለእንደራሴዎች በዓመት 400 ፓውንድ ደመወዝ እንዲከፈል ወሰነ።